«ንቀሉልኝና ልገላገል» ከማለትዎ በፊት

ሌሊቱን ጥርሱ ሲያንገበግበው ያደረ ሰው ጠዋት የሕክምና ወንበሩ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያ ቃሉ ይኸው ነው። ሕመሙ መበርታቱ ግን ጥርሱ መትረፍ አለመትረፉን አይናገርም። አጥብቆ የሚያመው ጥርስ ብዙ ጊዜ ነርቩ ያልሞተ፣ በሥር ሕክምና (የታመመውን ነርቭ አውጥቶ የሥሩን ቦይ አጽድቶ በመሙላት) የሚድን ነው። ይልቅ የሚያሰጋው ሳምንት ሲጠዘጥዝ ከርሞ በድንገት ዝም ያለው ነው፤ ነርቩ ሞቶ ኢንፌክሽኑ ወደ ሥሩ ጫፍ እየወረደ ሊሆን ይችላል። «ዳነልኝ» ተብሎ ቀጠሮ የሚቀርበትም ይኸኛው ነው።

አንቲባዮቲክ እየዋጡ መቆየትም ስህተት ነው። መድኃኒቱ የሞተ ነርቭ ውስጥ አይገባም፤ እብጠቱን ቢያስታግስ እንኳ ምንጩን አያደርቅም።

ጥርሱ ሳይጠረግ ይነቀል ወይም ይትረፍ ብሎ መፍረድ ሌላው ስህተት ነው። የሚወስነው የበሰበሰው ሁሉ ወጥቶ ከድድ በላይ የሚቀረው ጤነኛ ክፍል ነው። ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ግድግዳ ከተረፈ ክራውን (ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍነው ሰው ሠራሽ አናት) የሚጨብጠው አለው። ከዚያ ካነሰ የሚጨብጠው ሙሌቱን ብቻ ስለሚሆን አንድ ቀን ከነሙሌቱ ይወልቃል፣ አለዚያም ሥሩን ይሰነጥቃል። ቁልቁል የተሰነጠቀ ሥር ደግሞ ብዙውን ጊዜ መነቀል ነው መጨረሻው። ስንጥቁ ኤክስሬይ ላይ ላይታይ ይችላል፤ በድዱና በጥርሱ መሀል የሚገባው ቀጭን መለኪያ ዙሪያውን 2 እና 3 ሚሊ ሜትር እየገባ አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ 8 ወይም 10 ከሰመጠ ግን መጠርጠር ነው።

የመንጋጋ ጥርስን በሥር ሕክምና አሳክሞ ክራውኑን መተው፦ ይኸኛው ያበሳጫል! ታካሚው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ያስጠርጋል፣ ያስሞላል፣ ሕመሙ ሲጠፋ «ክራውኑን በሌላ ጊዜ» ይላል። ያ ሌላ ጊዜ አይመጣም። መንጋጋው መሀሉ ተቦርቡሮ የቀሩት ግድግዳዎች ስስ ናቸው፤ ባኘኩ ቁጥር ወደ ውጭ ይገፋሉ። አንድ ቀን ቆሎ ሲቆረጥም ቀጭ ይልና ለሁለት ይከፈላል፣ ስንጥቁም ከድድ በታች ይወርዳል። በክራውን ይተርፍ የነበረው ጥርስ ተነቀለ፤ የሥር ሕክምናው ገንዘብም አብሮት ሄደ። በጊዜያዊ ሙሌት ወራት መክረም ከዚህም ይብሳል፤ ምራቅ ሰርጎ የጸዳውን ሥር ይበክለዋል። ለክራውን አቅም ከሌለዎት አስቀድመው ይናገሩ፤ የመንጋጋውን ጉብታዎች ዝቅ አድርጎ በቋሚ ሙሌት መሸፈን እስከዚያው ያቆየዋል። ብዙ ያልተጎዳ የፊት ጥርስ ግን ያለ ክራውንም ይኖራል።

ዋጋ ሲያነጻጽሩ የሥር ሕክምናን ከመንቀል ጋር ብቻ አያስተያዩ፤ መንቀል ሲደመር መተካት ነው ሂሳቡ። ብሪጅ (በጎረቤት ጥርሶች ላይ የሚያርፍ ድልድይ ጥርስ) በግራና ቀኝ ያሉትን ጤነኛ ጥርሶች ያስሞርዳል። ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ከአጥንት ጋር እስኪዋሐድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠብቃል፤ ሲጋራና ያልተስተካከለ የስኳር በሽታ ያከሽፉታል። ክፍት ቢተዉት ደግሞ ጎረቤቱ ያዘነብላል፣ ከላይ ያለው ይወርዳል፣ አጥንቱም በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ይሟሽሻል። የመጨረሻው መንጋጋ ግን ብዙውን ጊዜ ምትክ ላያስፈልገው ይችላል።

በአደጋ ከነሥሩ የወለቀ ጥርስን «ቆሽሿል» ብሎ ሥሩን መፈተግ ጨርሶ ይገድለዋል። አናቱን ይዘው በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለአፍታ ያለቅልቁትና ወዲያው ወደ ቦታው ይመልሱት። ካልተቻለ ወተት ውስጥ ከተው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይድረሱ። የሕፃን የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ከሥር የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል።