የአቧራ ተባይ አለርጂን በኢሚውኖቴራፒ እንዴት እናክማለን? ከምርመራ እስከ ሦስተኛው ዓመት

ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ ማስነጠስ ይጀምራችኋል። ቀኑ ሲገፋ ይሻላችኋል። ማታ ጋደም ስትሉ አፍንጫችሁ እንደገና ይታፈናል። ብዙዎቻችን «ሳይነስ አለብኝ» ወይም «ብርድ መታኝ» ብለን እናልፈዋለን። ክረምት ከበጋ የማይለቅ ከሆነ ግን የአቧራ ተባይ አለርጂ ሊሆን ይችላል።

ተባዩ ፍራሽ፣ ትራስና ምንጣፍ ውስጥ ይኖራል። ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ ነው፤ በዓይን አይታይም፣ አይናከስም። ከቆዳችን የሚረግፈውን ቅርፊት ይበላል። አለርጂውን በዋናነት የሚያመጣው ዓይነ ምድሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው።

እንደ ሴትሪዚን ያለ የአለርጂ ኪኒንና የአፍንጫ ስፕሬይ ምልክቱን ያስታግሳሉ። ሲቋረጡ ይመለሳል። ኢሚውኖቴራፒ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፦ ያንኑ ፕሮቲን በተመጠነ መጠን ለረጅም ጊዜ በመስጠት ሰውነት ቀስ በቀስ እንዲለምደው ያደርጋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሊዮናርድ ኑን በለንደኑ ሴንት ሜሪ ሆስፒታል በሣር ብናኝ አለርጂ ላይ ሞክሮ ውጤቱን ያሳተመው በ1911 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ በታች ያለው በተለይ አሜሪካ ለምትኖሩ ይጠቅማል፤ አውሮፓ ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል።

1. መጀመሪያ በምርመራ አረጋግጡ

የአለርጂ ሐኪም ዘንድ ሂዱና «ደስት ማይት» እንዲመረመርላችሁ ጠይቁ። በቆዳ ምርመራ ክንዳችሁ ላይ ጠብታ ተደርጎ ቆዳው በስሱ ይወጋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ቦታው ያብጥ እንደሆነ ይታያል። ሴትሪዚን፣ ሎራታዲንና መሰል መድኃኒቶች ውጤቱን ስለሚያዛቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት ገደማ በፊት ይቆማሉ። ማቆም ለማይችል ሰው የደም ምርመራ አለ።

ምርመራው «አለ» ስላለ ብቻ ግን ሕክምና አይጀመርም። ውጤቱ ከምልክቶቻችሁ ጋር መግጠም አለበት። የሚያስነጥሳችሁ የጓደኛችሁ ድመት ከሆነ የተባዩ ሕክምና አይፈይድላችሁም።

2. ይስማማችሁ እንደሆነ ጠይቁ

አስም ያለበት ሰው መጀመሪያ አስሙ መረጋጋት አለበት። ለደም ግፊት ወይም ለልብ እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያለ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትናገሩ እንዳትወጡ። እርጉዝ ሴት ሕክምናውን እንደ አዲስ አትጀምርም። ጀምራ ተስማምቷት እያለ ያረገዘች ግን ብዙ ጊዜ ልትቀጥል ትችላለች።

3. መርፌ ወይስ እንክብል?

መርፌው መጀመሪያ ላይ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይሰጣል፤ ለወራትም መጠኑ ቀስ እያለ ይጨመራል። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ገደማ ይሆናል። በእያንዳንዱ ጊዜ 30 ደቂቃ ክሊኒክ ውስጥ ትቆያላችሁ። ጥቅሙ፣ የድመትም የሣር ብናኝም አለርጂ ያለበት ሰው አብሮ ሊታከምበት መቻሉ ነው።

እንክብሉ ከምላስ ስር የሚቀመጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኦዳክትራ፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ አካሪዛክስ በሚል ስም ይሸጣል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የፈቀደው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲሆን አሁን ከ5 ዓመት ልጅ ጀምሮ ይሰጣል። የመጀመሪያው ሐኪም ፊት ይወሰዳል፤ ቀሪው በየቀኑ ቤት ውስጥ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ በሥራ ሰዓታችሁ ወስኑ። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወይም ሌሊት የሚነዳ ሰው በየሳምንቱ ክሊኒክ መመላለሱን ቶሎ ያቋርጠዋል። ለእሱ እንክብሉ ይሻላል። ኢንሹራንሳችሁ የትኛውን እንደሚሸፍንና ለእያንዳንዱ የመርፌ ቀን ኮፔይ (ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ድርሻ) ይኖር እንደሆነ ሳትጀምሩ ደውላችሁ ጠይቁ። በወጪ ምክንያት መሃል ላይ ማቋረጥ ያንገበግባል።

4. አወሳሰዱ

እንክብሉን በደረቅ እጅ ከምላስ ስር አድርጉ። ለ1 ደቂቃ ምራቅ አትዋጡ። ለ5 ደቂቃ አትብሉ፣ አትጠጡ። እጃችሁን ታጠቡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፍ፣ ጉሮሮና ጆሮ ውስጥ ማሳከክ የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ጥርስ ከተነቀላችሁ ወይም አፋችሁ ውስጥ ቁስል ካለ እስኪድን አቁሙና ለሐኪሙ ደውሉ።

ጿሚዎች ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ያስጨንቃቸዋል። ዋናው ነገር በየቀኑ መወሰዱ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ማታ አድርጉት። ያኔ ሁዳዴም ረመዳንም ቢመጣ ፕሮግራማችሁ አይናጋም። ወስዳችሁ ወዲያው ባትተኙ ግን ይመረጣል። አንድ ቀን ከረሳችሁ በማግስቱ ሁለት አትውሰዱ፤ ከአንድ ቀን በላይ ካለፋችሁ ሐኪሙን አማክሩ።

መርፌ የምትወጉ ሰዎች፣ ሠላሳዋን ደቂቃ አትስረቁ። ከባዱ የአለርጂ ምላሽ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዚያች ሰዓት ነው። በዚያ ቀን አስማችሁ ከተነሳባችሁ ሳትወጉ በፊት ተናገሩ። ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ጂም ይቅርባችሁ።

አሜሪካ ውስጥ ከእንክብሉ ጋር ለከባድ የአለርጂ ምላሽ ራስን የሚወጉበት የኤፒነፍሪን መርፌ ይታዘዛል። ተቀብላችሁ መሳቢያ ውስጥ አትወርውሩት፤ እናንተም ቤተሰባችሁም አጠቃቀሙን ተለማመዱ። ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ጉሮሮ ካበጠ፣ መላ ሰውነት ሽፍ ካለ ወይም ራሳችሁን ልትስቱ ከሆነ እሱን ወግታችሁ 911 ደውሉ።

5. ሳታቋርጡ መዝለቅ

በዚህ ሕክምና ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ለውጡ በእንክብሉ ከ2 እስከ 3 ወር ገደማ፣ በመርፌው ደግሞ እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ ሲሻላችሁ «ዳንኩ» ብሎ ማቆም ያጓጓል። አታቁሙ። ሙሉ ሕክምናው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የለንደን ጥናት የሣር ብናኝ አለርጂን ለ2 ዓመት ብቻ አክሞ አይቷል፤ ካቆሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ከሕክምናው ጥቅም የጎላ ነገር አልቀረም። ዓመት ሙሉ በትክክል ወስዳችሁ ምንም ለውጥ ካላያችሁ ግን መቀጠሉ ይጠቅም እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

እስከዚያው ፍራሽና ትራስን ለአለርጂ በተሠራ ልባስ ሸፍኑ፤ አንሶላ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ይታጠብ፤ የቤት እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ይሁን።

ለበዓል ወይም ለሠርግ ወደ አገር ቤት ስትሄዱ እንክብሉን ለሙሉ ቆይታችሁ የሚበቃ አድርጋችሁ፣ ከነካርቶኑ በእጅ ሻንጣ ያዙ። መርፌ ላይ ያላችሁ ደግሞ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ለክሊኒኩ ተናገሩ። ክፍተቱ ከረዘመ ስትመለሱ መጠኑ ይቀነስና እንደገና ይጨመራል። «የመርፌውን ብልቃጥ ይዤ ሄጄ ሰፈር ክሊኒክ እወጋለሁ» ብላችሁ ግን እንዳትሞክሩት። ስህተት ቢፈጠር ሕይወት የሚያሳጣ ነው።

ሦስተኛው ዓመት ሲሞላ የማቆሚያውን ቀን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ። ብዙዎች ካቆሙም በኋላ ለዓመታት እፎይ ብለው ይቆያሉ። ምልክቱ ከተመለሰ ደግሞ እንደገና መጀመር ይቻላል።