የሕፃናትን ደህንነት በመረጃ ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሕፃናት ጉዳይ ቢሮውን ሥራ ቆጥሮ የልጁን ለውጥ ለካሁ ማለት። «በሩብ ዓመቱ 300 ቤቶች ተጎብኝተዋል» የሚል ሪፖርት ስለ ሠራተኞቹ እንጂ ስለ ልጆቹ አይነግረንም። ልጁ ከትምህርት ገበታው ሳይቀር ቆየ ወይ? ጉዳዩ ከተዘጋ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ልጁ ተጎድቷል የሚል ጥቆማ ዳግም መጣ ወይ? መታወቅ ያለበት ይህ ነው። ፎርሙ ላይ የ6 እና የ12 ወር ክትትል የሚሞላበት ቦታ ከሌለ ግን ኋላ ተፈልጎም አይገኝም።

ዛሬ ያሉትን ልጆች ቆጥሮ ስለ ቆይታ መደምደም። ይሄኛው ልምድ ያላቸውንም ያሳስታል። አንድ ማሳደጊያ በየወሩ 10 ልጆች ይቀበላል እንበል። ዘጠኙ በወሩ ወደ ቤተሰብ ይመለሳሉ፣ አንዱ 36 ወር ይቆያል። ሥራው በዚህ መልክ ከቀጠለ በማንኛውም ቀን ብንቆጥር 45 ልጆች እናገኛለን፤ ከእነሱ 36ቱ፣ ማለትም 80 በመቶው፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩት ናቸው። ከገቡት 90 በመቶው ግን በወሩ ወጥተዋል። በዚህ ዓመት የወጡትን ብቻ መቁጠር ደግሞ በተቃራኒው ሊያታልል ይችላል፤ ገና ያልወጡት ከስሌቱ ይቀራሉ። መፍትሔው ልጆችን በገቡበት ጊዜ መመደብና እያንዳንዱን ምድብ በ6ኛው፣ በ12ኛውና በ24ኛው ወር የት እንደደረሰ ማየት ነው።

አንድን ልጅ ሁለት ጊዜ መመዝገብ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒውተር ሁለት ሰዎች ናቸው። የልደት ቀን ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ መዝጋቢው ጥር 1 ብሎ ያልፋል፤ ስለዚህ በስምና በልደት ቀን ብቻ ማመሳከር አያዋጣም። ቋሚ መለያ ቁጥር ይስጡ፣ ቀኑ ግምት ከሆነም «ግምት» የሚል ምልክት ይኑረው።

ባዶ ቦታን እንደ ዜሮ መውሰድ። «ጉዳት የለም» እና «አልተጠየቀም» ለየብቻ ይመዝገቡ።

«80 በመቶ ይለያል» በሚል ቁጥር መማረክ። ከ10,000 ልጆች 200ው በእርግጥ ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው ብለን እናስላ። ለአደጋ የተጋለጡትን ከመረጃ የሚተነብይ የኮምፒውተር መሣሪያ ከእነዚህ 80 በመቶውን፣ ማለትም 160ውን፣ ይለያል። ከቀሩት 9,800 ደግሞ 10 በመቶውን በስህተት ቢጠቁም 980 ይሆናሉ። በጠቅላላው 1,140 ልጆች ተጠቁመው ትክክለኛው ከሰባት አንዱ ገደማ ነው፤ 40 ልጆች ደግሞ አምልጠዋል። እንግዲህ ምልክቱ ቀረብ ብሎ ለመጠየቅ ያገለግል እንደሆነ እንጂ ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት በቂ ምክንያት አይሆንም።

ጥቆማን ከጉዳት ጋር ማምታታት። መዝገቡ የሚያሳየው የታየውንና የተነገረውን ነው። በመንግሥት አገልግሎት የሚጠቀም ድሃ ቤተሰብ በብዙ ዓይኖች ሥር ስለሚኖር ብዙ መረጃ ይከማችበታል፤ በግል ሐኪም የሚታከመው አይታይም። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት አሌጌኒ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ጥቆማ ሲደርሰው ከ1 እስከ 20 ነጥብ የሚሰጥ መሣሪያ ሥራ ላይ አውሏል፤ ከተሰነዘሩበት ዋና ትችቶች አንዱም ይኸው ነው። ሌላም ወጥመድ አለ፦ መሣሪያው የሚተነብየው «ከቤተሰብ ተለይቶ መወሰድን» ከሆነ፣ የሚማረው የቢሮውን የቀድሞ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው አድሏዊ ከነበረ አድልዎውን ይደግማል። ስለዚህ ውጤቱን በቤተሰብ ገቢና በአካባቢ ከፋፍለው ይፈትሹ።

የልጁን ስም ከመዝገቡ ሰርዞ ምስጢር ተጠበቀ ማለት። በአንዲት መንደር «የ9 ዓመት ሴት፣ 1» የሚል ሠንጠረዥ ልጅቷን ያሳውቃል። ቁጥሩ ከ5 ሲያንስ አካባቢዎችን ወይም የዕድሜ ክልሎችን አጠቃሎ ማቅረብ ይሻላል።

ባለቤት የሌለው ማስጠንቀቂያ። ከትምህርት ቀናት 10 በመቶውንና ከዚያ በላይ የቀረ ልጅ ስሙ በቀይ ቢወጣም ማን እንደሚደውል ካልተወሰነ ቀዩ እንደ ቀላ ይቀራል። ምልክቱን የሚያየው ሠራተኛ፣ ቤት ለመሄድ የተሰጠው ጊዜና እሱ ከሌለ የሚተካው ሰው በጽሑፍ ይቀመጡ። ከጉብኝቱ በኋላም «ምልክቱ ትክክል ነበር» ወይም «አልነበረም» ተብሎ ይመዝገብ፤ ያለዚያ መለኪያውን በዓመቱ ለማስተካከል የሚያስችል መረጃ አይኖርም።