ጣና ላይ ከጓደኞች ጋር ጀልባ ስትከራዩ

ከባሕር ዳር የግል ጀልባ ይዛችሁ ወደ ጣና ደሴቶች ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። ጣና በጠዋት ጸጥ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ንፋስ ይነሳና ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። እኛ ዘጌ ላይ ቡና ስንጠጣ ቆይተን 9 ሰዓት ላይ ስንመለስ ውሃው በጎን እየገባ አበሰበሰን። አንዷ ጓደኛችን የጀልባውን ጠርዝ እንደጨበጠች፣ አንድ ቃል ሳትናገር ባሕር ዳር ደረሰች። አሁንም ሳስበው ልቤ ይደነግጣል። እባካችሁ፣ ሞተሩ ሳይነሳ የሕይወት አድን ጃኬቱን በሰው ልክ ቁጠሩ። ማሰሪያውንም አጥብቃችሁ ሞክሩት።

ሌላው፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የተባሉት የደሴት ገዳማት ሴቶች አይገቡባቸውም። ወንድና ሴት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ግማሻችሁ ጀልባ ላይ ቁጭ ብላችሁ መጠበቅ ነው፤ ያ ደግሞ ደስ አይልም። ሁላችሁም አብራችሁ የምትገቡበትን ምረጡ። ለግማሽ ቀን ዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትበቃለች፤ የመቅደሷ ግድግዳ ሥዕል ብቻውን ሰዓታት ያስቆማል። ሙሉ ቀን ካላችሁ ደቅ ደሴት ድረስ ዝለቁ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ እዚያ ናት።

ዋጋውን፣ የት የት እንደምትወርዱና ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ ከባለጀልባው ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ። ለመግቢያ ዝርዝር ብር፣ ነጠላና ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ያዙ።