የስቶቩ ሽታ እንዴት ጠፋ

ባሕር ዳር የተከራየሁት ቤት ውስጥ ስቶቩ በተሰካ ቁጥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ስቶቩ ደህና ነው። ጉዱ ያለው የሚሰካበት የሶኬት ማከፋፈያ ላይ ነበር። ሲፈታ ውስጡ ጠቁሯል፤ ሽቦውም ከቻርጀር ሽቦ ብዙም አይወፍርም። 2000 ዋት ስቶቭ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ያ ሽቦ የት ችሎት!

ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው ቀጥታ ባለ 2.5 ካሬ (ስኩዌር ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) ሽቦ ዘረጋልኝ፤ የራሱ ባለ 16 አምፔር ብሬከርና ግራውንድ ያለው ሶኬት ተገጠመለት። ሽታው በዚያው ቀረ። አከራዬ ግን ግድግዳው በመቦርቦሩ እስካሁን እንዳኮረፉ ናቸው።

ቂጡ የጎበጠውንም ድስት ቀየርኩት፤ ጠፍጣፋው ሽሮውን ቶሎ ያንተከትከዋል። የስቶቩ ብረት ከጠፋም በኋላ ሙቀት ስለሚይዝ፣ የቆሮሶ ዓሣ ጉላሽ ስሠራ ሊደርስ ሲል አጠፋዋለሁ። በራሱ ግለት ይበስላል።