በብረት ሰሌዳ ላይ ፎቶ እንዴት ይነሣል?

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1861 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ ፎቶ አንሺዎች ድንኳናቸውንና ኬሚካላቸውን በጋሪ ጭነው ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር ይዞሩ ነበር። ወታደሩን የሚያነሡት ጥቁር ቫርኒሽ በተቀባ ስስ ብረት ላይ ሲሆን፣ ዘዴውን ሃሚልተን ስሚዝ በ1856 ኦሃዮ ውስጥ በፈጠራ መብት አስመዝግቦታል። ዛሬም የሚሠሩበት አሉ። ጭንቁ ካሜራው አይደለም፤ ሰሌዳው ሳይደርቅ በአሥር ደቂቃ ገደማ መጨረስ ነው።

ስለዚህ ኬሚካል ከመንካትዎ በፊት ተነሺውን ደማቅ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ካሜራውንም ያስተካክሉ። ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ ከኋላው የብረት መደገፊያ ያቁሙ። ሰሌዳው ቀይ ብርሃን አይሰማውም፤ ቀይ ልብስ ጠቁሮ ይወጣል።

ቀጥሎ ኮሎዲዮኑን ያፍስሱ፤ በኤተርና በአልኮል የሟሟ፣ የአዮዳይድና የብሮማይድ ጨው የገባበት ናይትሮሴሉሎስ ነው። ሰሌዳውን በአንድ ጥጉ ይዘው መሐሉ ላይ ያፍስሱ፤ ፈሳሹ ጥጎቹን በተራ እንዲነካ ያዘንብሉ፣ የተረፈውን በመጨረሻው ጥግ ወደ ጠርሙሱ ይመልሱ። እጅዎ ካመነታ ሞገዱ ምስሉ ላይ ይቀራል። ኤተር በቅጽበት ስለሚቀጣጠል አጠገብዎ እሳት አይኑር።

ፊቱ መጣበቅ ሲጀምር፣ ቀይ መብራት ብቻ ባለበት ድንኳን ውስጥ ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ሦስት ደቂቃ ያህል ይንከሩት። ጓንትና የዓይን መከላከያ ግድ ነው፤ ቆዳን ያጠቁራል፣ ዓይን ሊያሳውር ይችላል። ብርሃን በማያስገባ ማኅደር ከተው ወደ ካሜራው ይሩጡ። የሌንሱን ክዳን ያንሡ፣ ጥቂት ሰከንድ ይቁጠሩ፣ ይክደኑ።

ወደ ድንኳኑ ተመልሰው የብረት ሰልፌት ውህድ በአንድ ጊዜ ያልብሱት፤ ደማቁ ክፍል ብቅ እንዳለ በውኃ ያቁሙት። ከዘገዩ ጥላው ሁሉ ግራጫ ይሆናል። ምስሉን ለማጽናት፣ ማለትም ብርሃን እንዳይጎዳው ለማድረግ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ፖታሲየም ሳይናይድ ይጠቀሙ ነበር፤ እርስዎ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይያዙ፣ ቢዘገይም አይገድልም። ወተት የመሰለው ጭጋግ እየተገፈፈ ፊቱ ከጥቁሩ ብረት ላይ ሲወጣ ተነሺውን ጠርተው ያሳዩት፤ ጭጋጉ ተገፎ ካለቀ ብርሃን አይጎዳውም።

በደንብ አጥበው፣ አድርቀው ቫርኒሽ ይቀቡት። ጉንጩን ሮዝ ማድረግ የዘመኑ ልማድ ነበር፤ እኔ ባይደረግ እመርጣለሁ። ምስሉ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ስለሆነ፣ በብዙዎቹ ላይ የወታደሩ የቀበቶ ፊደል ወደ ኋላ ይነበባል። ቅጂ የሚታተምበት ኔጋቲቭ ስለሌለው ሁለተኛ ቅጂ የፈለገ ደንበኛ እንደገና ይቀመጣል፣ ወይም ባለ ብዙ ሌንስ ካሜራ ያለው ፎቶ አንሺ ይፈልጋል።