ለላትማር ሆሊ ባርሳና የሚሄድ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን። ሰሜን ሕንድ ውስጥ የዚህ ወንድም የሆነ አባባል አለ፦ «ቡራ ና ማኖ፣ ሆሊ ሃይ»። አትቀየሙ፣ ሆሊ ነው እንደማለት ነው። ሆሊ ሰው በቀለም የሚቀባባበት የሂንዱዎች በዓል ነው። በኡታር ፕራዴሽ፣ ማቱራ አካባቢ ባሉት ባርሳናና ናንድጋዎን ደግሞ ጨዋታው እንደ ገናችን ዱላ አለው። ሴቶች በረጅም ዱላ ይመታሉ፣ ወንዶች በጋሻ ይመክታሉ። ስሙም ላትማር ሆሊ ይባላል። «ላት» ዱላ፣ «ማር» መምታት ነው።

ሕንድ የሚማሩ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ከዴልሂ ቦታው በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ለመሄድ ካሰባችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ።

የመጀመሪያው ቀኑን መሳት ነው። ብዙ ሰው በሆሊ ዕለት ባርሳና ይደርስና ጨዋታው አልቆ ያገኘዋል። ሆሊ የሚውለው ፋልጉን በሚባለው ወር ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ነው። የባርሳናው የዱላ ጨዋታ ግን ከዚያ በፊት፣ በዚያው ወር ጨረቃዋ መሙላት በጀመረች በ9ኛው ቀን ነው። በ2017 ዓ.ም. ባርሳና የካቲት 29፣ ናንድጋዎን የካቲት 30 ነበር፤ ሆሊ የዋለው ደግሞ መጋቢት 5። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚቀያየር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዘንድሮውን አጣሩ።

ሁለተኛው ስህተት፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው፣ ነገሩን እንደ ፀብ ወይም እንደ በቀል ማየት ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት አጫጭር ቪዲዮዎች ሴቶች ወንድ ሲደበድቡ ብቻ ያሳያሉ። እኔም መጀመሪያ ሳይ ደንግጫለሁ። ታሪኩን ሳያውቁ ግን ምንም አይገባም። ክሪሽና የሂንዱዎች አምላክ ነው፣ ራዳ ደግሞ ፍቅረኛው። ራዳ የባርሳና ልጅ ናት፣ ክሪሽና ያደገው ናንድጋዎን ነው። ክሪሽና ራዳንና ጓደኞቿን ሊለክፍ ባርሳና ሲመጣ በዱላ አባረሩት ይባላል። በየዓመቱ የናንድጋዎን ወንዶች የሚመጡት በእሱ ቦታ ሆነው ነው።

ስለዚህ የሚመጡት እንደ እንግዳ ነው፣ ያውም ተጠርተው። ግብዣው ከባርሳና ይላካል። እሺ የሚለው መልስ ሲደርስ፣ ከዱላው አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ኮረብታው ላይ ባለው የራዳ ቤተ መቅደስ ውስጥ ላዱ የሚባለው ክብ ጣፋጭ በሰዉ ላይ ይወረወራል። በማግስቱ ወንዶቹ ፒሊ ፖካር የሚባለው ኩሬ ጋ ያርፋሉ። እዚያ ጥምጣማቸውን ወፈር አድርገው ያስራሉ፣ ጋሻቸውን ያሰናዳሉ። ከዚያ እየዘፈኑና እየተሳለቁ ይገባሉ። ሴቶቹ ሳሪያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው አንዱን ይከቡታል። እሱ ቁጢጥ ብሎ ጋሻውን አናቱ ላይ ይደግናል። ዱላው የሚያርፈው ጋሻው ላይ ነው። መልሶ መምታት ፈጽሞ የለም። የተያዘ ሰው የሴት ልብስ ለብሶ እንዲጨፍር ይደረጋል። የእኛ የሰርግ ቀን የሙሽራዋ ወገን በር ላይ ቆሞ ሚዜዎቹን አላስገባም ሲል አስቡ። ያንን እንደ ፀብ የሚያይ አለ?

ከዚህ የሚመጣው ሦስተኛው ስህተት ዘሎ መግባት ነው። ዱላውም ጋሻውም የሁለቱ መንደሮች ነው። ዓመታት የለመዱት ስለሆነ እንዴት እንደሚመታና እንዴት እንደሚመከት ያውቃሉ። ጋሻ የሌለው እንግዳ መሃል ከገባ ሊጎዳ ይችላል። መንገዱም ጠባብ ነው፣ ግፊያው ከባድ ነው። ራንጊሊ ጋሊ በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ ከመጋፋት፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ ሰገነት ላይ መቆም ይሻላል። በጠዋት መድረስ ግን ግድ ነው።

አራተኛው፣ «አትቀየሙ» የሚለው ቃል ሁሉን ይፈቅዳል ብሎ ማሰብ። በሆሊ ሰሞን በዚህ ቃል ተከልለው ሴት የሚነካኩ ወንዶች አሉ፤ ሕንዳውያን ሴቶች ራሳቸው በየዓመቱ አምርረው የሚያነሱት ጉዳይ ነው። እህቶቼ፣ ብቻችሁን ሕዝቡ መሃል አትግቡ። በቡድን ሁኑ፣ ከቤተሰቦችና ከሴቶች ጎን ቁሙ፣ ካልተመቻችሁ ቶሎ ውጡ። ወንድሞቼ ደግሞ፣ ቀለም ለመቀባት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሳይፈቀድላችሁ የሰው ፊት አትንኩ። ጨዋታው ራሱ ክሪሽና ሴቶችን ሲለክፍ ዱላ እንደጠበቀው የሚያስታውስ ነው፤ በዚያ ቀን ሴት ማስቸገር ከሌላው ቀን ሁሉ የባሰ ነውር ነው።

አምስተኛው፣ የቀረበውን ሁሉ መጠጣት። ታንዳይ የሚባለው ቀዝቃዛ መጠጥ ከወተት፣ ከለውዝና ከቅመም ይሠራል። ሲጠጡት ደስ ይላል። አንዳንዱ ውስጥ ግን ባንግ አለበት፤ ከካናቢስ ቅጠል የሚዘጋጅ፣ የሚያሰክር ነገር ነው። ዘግይቶ ስለሚይዝ ሰው ምንም የለውም ብሎ ይደግማል። «ባንግ አለበት ወይ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትቅመሱ። ጾመኞች ደግሞ ልብ በሉ፦ በዓሉ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፣ ታንዳዩ ወተት ነው፣ ላዱም አብዛኛው ቅቤ አለበት። ሁለቱን መዳፎች ገጥሞ «ራዴ ራዴ» ብሎ በፈገግታ እምቢ ማለት ማንንም አያስቀይምም። የአካባቢው ሰላምታ ነው።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም። ፊትና ፀጉር ዘይት ተቀቡ፣ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ፣ ስልካችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ። ከቴሱ አበባ የሚወጣው ብርቱካንማ ቀለም የቆየው ነው። ገበያ ላይ ያለው ብዙው ግን ኬሚካል ነው።

የመጨረሻው ስህተት በማግስቱ ጠዋት ተነስቶ መመለስ ነው። አብዛኛው ጎብኚ እንዲህ ያደርጋል። ናንድጋዎን ከባርሳና 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። ትናንት ዱላ የጨበጡት ሴቶች የባርሳና ነበሩ። ዛሬ የባርሳና ወንዶች በተራቸው ጥምጣማቸውን አስረው፣ ጋሻቸውን ተሸክመው ናንድጋዎን ይገባሉ። የናንድጋዎን ሴቶች ዱላቸውን ይዘው እየጠበቋቸው ነው።