ፓሪስ ቦርሳ ልትገዙ ስትሄዱ ፓስፖርት አትርሱ

ፓሪስ ደርሳችሁ ሉዊ ቪቶን ወይም ኤርሜስ ጎራ የምትሉ ካላችሁ፣ ፓስፖርታችሁን ሆቴል ጥላችሁ እንዳትወጡ። የፈረንሳይ ዋጋ ውስጥ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ኑሯችሁ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆነና ከአንድ ሱቅ ከ100 ዩሮ በላይ ከገዛችሁ የተወሰነው ይመለስላችኋል። ሙሉው 20 ግን አይደለም፤ አስመላሹ ድርጅት የራሱን ይቆርጣል። ብዙ ጊዜ እጅ የሚገባው 12 በመቶ ገደማ ነው፤ በ2,000 ዩሮ ቦርሳ ላይ 240 ዩሮ፣ ቀላል አይደለም! የሚታየው ዜግነት ሳይሆን መኖሪያ ነው፤ ሮም የምትኖረው እህቴ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛም አልሆነላትም።

ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት “ዴታክስ” (የታክስ ተመላሽ ማለት ነው) በሉና ፓስፖርታችሁን አሳዩ፤ ሻጩ ባርኮድ ያለው ቅጽ ያወጣላችኋል። ሰው የሚሸወደው ኤርፖርት ላይ ነው። ሻንጣ ከማስረከባችሁ በፊት “ፓብሎ” የሚባለውን ማሽን ፈልጉና ባርኮዱን አስነብቡት። አረንጓዴ ካሳየ አለቀ። እኔ ተቻኩዬ ሻንጣዬን ቀድሜ አስረከብኩ፤ ማሽኑ አልቀበል ሲለኝ የጉምሩክ ሠራተኛው “ዕቃው የታል?” አለኝ። ቦርሳው ከሻንጣው ጋር ሄዷል፣ ምን ላሳየው? ቦርሳውንም ደረሰኙንም በእጃችሁ ያዙ።